ሦስት ጊዜ የተመለሰች መኪና

አንድን ሰው ሌባ ለማለት ስንት ማስረጃ ይበቃችኋል? እናንተን ነው የምጠይቀው፤ ገጹን ገልጣችሁ ፍቅር ፍለጋ የመጣችሁትን። አንድ? ሁለት? ሐጂ ባሕሩዲንን አንድ ፔዳል በቃቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጊደር መጋላ ውስጥ፣ ከቅመማ ቅመም ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ግማሹ ገበያ እየሰማ ተናገሩት።

«ልጄ ዐድናን ከዱባይ የላከልኝን አዲስ ፍሪሲዮን ያ ልጅ ለሌላ ሰው መኪና ገጥሞታል። ለእኔ አሮጌ ነው ያሰረልኝ። ወላሂ፣ እግሬ ያውቃል!»

«ያ ልጅ» የተባለው ኤልሳዕ ነው፤ ከጀጎል ግንብ ውጭ በአዲሱ ከተማ ጋራዥ ያለው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው መካኒክ። ነገሩ የጀመረው የሐጂ ነጭ ኮሮላ ከድሬዳዋ ስትመለስ የደንገጎን ዳገት መውጣት ያቃታት ዕለት ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያያይዘው ፍሪሲዮን ሸራው አልቆ ይንሸራተት ነበር። ዐድናን ለአባቱ አዘነና ለእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ፣ ዳገት የማይፈራ ፍሪሲዮን ላከ። ኤልሳዕ ገጠመው። በማግስቱ መኪናዋ ተመለሰች፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ እንኳ ማርሹ እየተንቋቋ አልገባ ይላል። ኤልሳዕ ራሱ ተቀምጦ ሞከረው። ማርሹ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ።

«ምንም የለውም፣ ሐጂ» አለ።

በሦስተኛው ቀን እንደገና መጣች። የፍሪሲዮኑ ዘይት በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ አየር ቀርቶ ይሆናል ብሎ አየሩን አስወጣ፤ የፔዳሉን ዘንግ አስረዘመ፤ ሞከረ፤ ሠራ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ዘይቱን የሚገፋውን ፖምፓ ሳይቀር በአዲስ ቀየረ። ሠራ። ሐጂ ግን ፈላና በር ሳይደርሱ ማርሹ ጮኸባቸው።

እሱ ሲረግጠው ይሠራል፤ እሳቸው ሲረግጡት አይሠራም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ማን? ገበያው ለመፍረድ አንድ ደቂቃ አላባከነም። አንደኛው የሰባ ዓመት ሐጂ ነው፣ ሌላኛው እጁ ግሪስ የነካ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ ደግሞ «የአገር ሽማግሌ ቃል» እያልን ስናከብር ኖረናል፤ አክብረን የት እንደደረስን እያያችሁት ነው።

«ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እዚሁ ይምጣ» አሉ ሐጂ። «በእናንተ ፊት ይርገጠው። ማርሹ ካልገባ ከዚያ ወዲያ ከጀጎል አንድ መኪና ደጁን አይረግጥም።»

ሱቁ ውስጥ የተቀመጠችው እህታቸው ዋፊቃ ምላሷን አስጮኸች። «መካኒክ ጠፍቶ ነው ወንድሜ? ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ትጮሃለህ! የስኳርህን ኪኒን ውሰድና ተቀመጥ።»

«ኪኒኑን ተይው! ስሜን እየጠበቅኩ ነው!»

ስሜን እየጠበቅኩ ነው። የሌላውን ስም ገበያ ላይ አስጥቶ!

የሐጂ ልጅ ነሲማ ይህን ሁሉ የሰማችው ከቅርንፉድ ጆንያዎች ጀርባ ቆማ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዋፊቃ ዓይኗን አይታ «ቅርንፉዱ ነው?» አለቻት። «አዎ» አለች። ቅርንፉድ ግን አያስለቅስም።

* * *

ነሲማ ፋርማሲስት ናት። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከኤልሳዕ ጋራዥ ፊት ለፊት ነው፤ መሐላቸው አንድ አስፋልትና የባጃጅ ሰልፍ ብቻ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት እጁ በዘይትና በቤንዚን ተሰነጣጥቆ ቅባት ሊገዛ ገባ። ቅባቱን በምትሰጥበት ትንሽ የወረቀት ፖስታ ላይ፣ አወሳሰዱ በሚጻፍበት መስመር፣ «ከሥራ በኋላ እጅን በሙቅ ውኃ ታጥቦ» ብላ ጻፈችለት። በሳምንቱ ያንኑ ፖስታ ይዞ ተመለሰ። ከጽሑፏ ሥር «ታጥቤያለሁ። ቀጥሎስ?» የሚል ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤያቸው ይኸው ሆነ፤ ኪኒን የሚገባበት ፖስታ። «ስም፦ ኤልሳዕ። አወሳሰድ፦ በቀን ሦስት ጊዜ ወደ መስኮቴ ማየት። ማስጠንቀቂያ፦ አክስቴ ስታልፍ ወዲያው ማቋረጥ።» እሱም መልሶ ይጽፋል፦ «መድኃኒቱ ተስማምቶኛል፤ መጠኑ ይጨመርልኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በመስታወትና በመንገድ ማዶ ተያዩ። እሱ መስቀል በአንገቱ፣ እሷ ሻሽ በራሷ። የእሱ እናት ወይዘሮ እልፍነሽ ጠርጥረው «ልጄ፣ ከግንቡ ውጭ ያለው ሕዝብ አልበቃህም?» ብለውታል። የእሷ አባት ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ለማሰብ እንኳ አትደፍርም። በሰርግም በለቅሶም አንለያይም እያልን በየስብሰባው የምንመጻደቅ ሰዎች፣ ሁለት ልጆች በመስኮት ሲተያዩ ለምን ትንፋሽ እንደሚያጥረን አንድ ቀን ተቀምጠን ብንጠየቅ ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ከሰዓት ኤልሳዕ ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባ። ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እስኪወጡ ድረስ የሳል መድኃኒት መደርደሪያውን ሲያነብ ቆየ። በሩ እንደተዘጋ ዞረ።

«ሰምተሻል?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«እዚያው ነበርሽ? ታዲያ ምን አልሽ?»

ነሲማ የቅባት ሣጥኖቹን መደርደር ጀመረች።

«ነሲማ፣ አባትሽ ስለ እኛ ደርሰውበታል። ፔዳሉ ሰበብ ነው። ሦስት ጊዜ ረግጬዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ ገብቷል። ከዚህ ከተማ ሊያስወጡኝ ፈልገው ነው።»

«አባቴ ውሸታም ናቸው እያልከኝ ነው?»

«እሺ፣ እኔ ሌባ ነኝ?»

«እንደዚያ አላልኩም!»

«አላልሽም» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። አባትሽ ሌባ አሉኝ፤ አንቺ ግን ምንም አላልሽም።»

«ምን ልበል? በገበያ መሐል አባቴን ልጋፈጥ? አንተ ብትሆን እናትህን ትጋፈጣለህ? ለእናትህ ስሜን እንኳ ነግረሃቸው አታውቅም!»

ተያዩ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ቀርበው፣ ደንበኛ ሳይኖር፣ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እሷ በዓይኑ ውስጥ ንዴት ፈለገች፤ ያገኘችው ግን የተሸነፈ ሰው ዓይን ነው። ከኪሱ አንድ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

«ድሬዳዋ ሥራ አግኝቻለሁ» ይላል ጽሑፉ። «ቅዳሜ በማለዳ እሄዳለሁ። ከአባትሽና ከእኔ አንዱን እንድትመርጪ አላደርግም።» ሁልጊዜ በቀልድ የሚሞላውን የአወሳሰድ መስመር ባዶውን ትቶታል። ነሲማ ያን ባዶ መስመር ደጋግማ በጣቷ ዳሰሰችው፤ የሆነ ነገር ጽፎበት ይሆናል ብላ፣ ለዓይን የማይታይ።

* * *

ዓርብ ሐጂ ለጁምዓ መስጊድ እንደሄዱ፣ ነሲማ ከምስማሩ ላይ የመኪናውን ቁልፍ አነሳች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ግን ኮሮላዋን ለማንም አይሰጡም። መኪናዋ ፈላና በር አጠገብ ቆማለች። በሩን ከፈተችና ጫማዋን አወለቀች። የቤታቸው ሥርዓት ነው፤ ሐጂ ቤታቸው ውስጥ በጫማ እንደማይገባ ሁሉ መኪናቸው ውስጥም በጫማ አይገባም። እሳቸው የሚነዱት በካልሲ ነው።

ሞተሩን አስነሳች። ፔዳሉን ባላት ኃይል ሁሉ ረገጠችው። ማርሹን ስትገፋው ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ጥርሷ ድረስ ተሰማት።

አባቷ አልዋሹም።

ማወቋ አላስደሰታትም። ይህ እውነት ከሆነ የሚዋሸው ያ ሌላው ነው። ሞተሩን አጠፋች፤ ማርሹን አንደኛ ላይ አስገብታ ቁልፉን አዞረች፤ መኪናዋ ዘለለችና ሄደች። ማርሽ ሳትቀይር፣ በአንደኛ እያስጮኸች፣ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉባት ጋራዡ ድረስ ነዳች።

ጎረቤቱ መካኒክ አባይነህ ከአንድ ሚኒባስ ሥር አንገቱን አወጣ። «አቦ! ሐጂ ዛሬ አምሮባቸዋል! ወሪያ ኤልሳዕ፣ ለአራተኛ ጊዜ መጣችልህ!»

ኤልሳዕ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። ጋራዡ ውስጥ ካርቶኖች ታስረዋል፤ መፍቻዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«ግባና ርገጠው» አለችው። «በገዛ እግሬ ሞክሬዋለሁ። አይገባም። አባቴ አልዋሹም፤ እንዴት እንደሆነ አንተ ንገረኝ።»

ኤልሳዕ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፤ ጎንበስ ብሎ ከፔዳሎቹ ሥር ያለውን ምንጣፍ በሁለት ጣቱ ጫፍ አነሳ፤ አጣጥፎ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተቀመጠ። ፔዳሉን ረገጠ። አንደኛ። ሁለተኛ። የኋላ ማርሽ። ምንም ድምፅ የለም።

«ይኸው። እኔም አልዋሸሁም።»

ነሲማ ግን ወደ ማርሹ አላየችም። የምታየው የኋላውን ወንበር ነበር።

«ለምን አነሳኸው?»

«ምኑን?»

«ምንጣፉን።»

«ሁልጊዜ አነሳዋለሁ። ጫማዬ ግሪስ ነው። ሐጂ የሚሰግዱበት መስሎኝ ነበር… ስጨርስ አቧራውን አራግፌ እመልሰዋለሁ።»

«አይሰግዱበትም። እኔ ነኝ የሰፋሁት።» ምንጣፉን አንስታ ሰጠችው። «መልሰው። መልሰህ ርገጠው።»

መለሰው። ረገጠ። ማርሹ ጮኸ። አነሳው። ገባ። መለሰው። ጮኸ። ኤልሳዕ ተንበርክኮ የምንጣፉን ውፍረት በጣቱ ለካ፤ ስፖንጅ ገብቶበት፣ ተደርቦ የተሰፋ፣ ሁለት ጣት ሙሉ ነው።

«አሮጌው ፍሪሲዮን ፔዳሉ ገና ግማሽ ሲደርስ ይለቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ የእሽቅድምድም ነው፤ እስከ ወለሉ ካልወረደ አይለቅም። ወለሉን ደግሞ ምንጣፉ ይዞታል። ሁለት ጣት፣ ነሲማ! ሁለት ጣት ነው ሌባ ያደረገኝ!»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ለአንድ አፍታ ሁለቱም ሰው እንደሌለ ሁሉ ሳቁ። ቀድሞ ዝም ያለው እሱ ነው።

«ግን እግራቸው እንዴት አላወቀም? ፔዳሉ ብረት ነክቶ ሲቆምና ስፖንጅ ነክቶ ሲቆም ለእግር አንድ አይደለም።»

ሳቋ ጠፋ። «አይሰማቸውም» አለች። «ስኳር ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞታል። አምና ምስማር ረግጠው ካልሲያቸው በደም እስኪርስ አላወቁም። ምንጣፉን ያወፈርኩት እግራቸው እንዳይቆስል ነው። ለዋፊቃም፣ ለዐድናንም እንዳልነግር አስምለውኛል። የሰማ ሰው መኪና እንደማያስነዳቸው ያውቃሉ።»

«ዛሬ ማታ ቆርጠሽ አሳጥሪውና ዝም በይ።»

«ከዚያስ? ነገ መኪናዋ በድንገት ትሠራለች። አባቴ ምን ይላሉ? 'ፈርቶ ዕቃዬን መለሰ' ይላሉ። ሌብነትህ ተረጋገጠ ማለት ነው።»

ኤልሳዕ የታሰሩትን ካርቶኖች አየ። «የሰው እግር ገበያ ላይ አይወጣም» አለ። «እሳቸውን አዋርጄ ራሴን አላነሳም። ድሬዳዋን ግን ትቼዋለሁ፤ ነገ አራት ሰዓት እመጣለሁ።»

«መጥተህ ምን ትላለህ?»

ኤልሳዕ ምንጣፉን አጣጥፎ ወደ ኋላ ወንበር መለሰው። ምንጣፉ ኋላ ወንበር ላይ እንዳለ ነድታ ተመለሰች። በመንገዱ ሁሉ ማርሹ ያለ ድምፅ ሲገባ ሲወጣ፣ ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራት። መኪናዋን ስታቆም ምንጣፉን ቦታው መለሰችው።

ማታ እራት ላይ ሞከረች። «አው» አለቻቸው፤ አባቴ ማለት ነው በቤታቸው ቋንቋ። «ምናልባት ምንጣፉ ወፍሮ ፔዳሉን…»

«አስተግፊሩላህ! አሁን ደግሞ ሌባው ምንጣፍ ሆነ?» አሉ ሐጂ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

ዓይኗን ወደ ሳህኑ ጣለች። በዚያች ቅጽበት ራሷን የጠላችውን ያህል ማንንም ጠልታ አታውቅም።

* * *

ቅዳሜ አራት ሰዓት ጊደር መጋላ ሞልቷል። ኮሮላዋ ከሱቁ ፊት ቆማለች። ነጋዴው ሚዛኑን ትቶ መጥቷል፤ አባይነህም ሊታዘብ ከአዲሱ ከተማ ወርዷል። ኤልሳዕ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ብቻውን መጣ። ሰላምታውን ሦስት ሰዎች ብቻ መለሱለት።

«ግባ» አሉ ሐጂ። «ርገጠው።»

ኤልሳዕ በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ሰው ሳቀ። ምንጣፉን አላነሳም። በላዩ ላይ እግሩን አኖረ፤ ልክ እንደ ሐጂ። ረገጠ። ማርሹ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ።

«ሰማችሁ?» አሉ ሐጂ። «ሰማችሁ ወይ?»

ኤልሳዕ ሞተሩን አጥፍቶ ወጣ። «ሐጂ፣ እውነትዎን ነው። ለእርስዎ እግር አይሠራም። ለባለቤቱ ያልሠራ ሥራ አልተሠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አስተካክለዋለሁ። ዕቃዎን ግን አልወሰድኩም።» ከዚያ በላይ አልተናገረም። ከሰው ትከሻ በላይ ነሲማን ፈለገ፤ አገኛት። ዓይኑ አንድ ነገር ብቻ ይለምናል፦ አትናገሪ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ዓይን ታዛለች። ዛሬ አልታዘዘችውም። በጆንያዎቹ መሐል አልፋ መጣች፤ ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ጎንበስ አለችና ምንጣፉን ከፔዳሎቹ ሥር ጎትታ አወጣችው።

«አሁን ርገጠው።»

«ነሲማ፣ ተዪው…»

«ርገጠው አልኩህ!»

ተቀመጠ። ማርሹ ገባ። አወጣው፤ ገባ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ጊደር መጋላ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዛን ድንጋይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«አቦ! ምንጣፍ!» አለ አባይነህ። ሳቁ ፈነዳ፤ አሁን ግን የሚሳቀው በሐጂ ላይ ነው። ነሲማ የአባቷ ከንፈር ሲደርቅ አየች።

ዋፊቃ ምንጣፉን ነጥቃ አገላበጠችው። «ሱብሃነላህ! ፍራሽ ነው እንዴ? ማነው እንዲህ ያወፈረው? ለምን?»

ሐጂ ባሕሩዲን ልጃቸውን አዩዋት። በሕይወታቸው ሰውን እንደዚያ አይተው አያውቁም፤ የሚለምን ዓይን ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪ አይጨብጡም።

«እኔ ነኝ» አለች ነሲማ። «ምቾት ይኑረው ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።»

ሐጂ ተነፈሱ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። «ይህን መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት። መኪናዋን ይዤ ጋራዡ ሄጄ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ይህ ሰው ምንሽ ነው?»

ኤልሳዕ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«የምወደው ሰው ነው፣ አው። ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። እሱን ቤት ገብተን እንነጋገራለን፤ ይቆጡኛል፣ አለቅሳለሁ፣ የሚሆነው ይሆናል።»

ከሰው መሐል ጉርምርምታ ተነሳ። ሐጂ ክንዷን ያዙ። «ይበቃል። ነይ፣ ቤት እንግባ።»

አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ እሳቸው ብቻ በሚሰሙት ድምፅ፣ «ስለ እግርዎ ከትናንት ጀምሮ እሱም ያውቃል» አለቻቸው። «ሌባ እየተባለ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

እጃቸው ከክንዷ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ኤልሳዕን አዩት፤ ጫማውን ሳያጠልቅ፣ በተቀደደው ካልሲው አቧራው ላይ ቆሟል። አፋቸውን ከፈቱ። ከልጃቸው ዓይን፣ ከሚጠብቀው ገበያ፣ ከራሳቸው ድምፅ የሚሸሹ ይመስል ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አመለከቱ።

«ቤት… ቤት እነግርሻለሁ» አሉ።

«አይሆንም!» ነሲማ ወደ ኋላ ተራመደች፤ ድምፏ እስከ በርበሬ ተራው ድረስ ደረሰ። «ስለ ፍቅሬ ቤት ይጠይቁኛል፤ እመልሳለሁ። የዚህን ሰው ስም ግን ቤት ውስጥ አልወሰዱበትም! እዚህ ቆመው ነው የወሰዱበት፤ እነዚህ ሰዎች እየሰሙ ነው። እንግዲህ እነሱው እየሰሙ፣ ሐሙስ ዕለት በተናገሩበት ድምፅ ይናገሩ፤ ኤልሳዕ ሌባ ነው ወይስ አይደለም? አው፣ ይመልሱልኝ! እዚሁ፣ አሁን፣ በሰው ሁሉ ፊት ይመልሱልኝ!»